አንበሳው የማን ነው?

ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ዘውድ የጫነውን አንበሳ ያየ ወዳጄ «የነገሥታቱ የቤተሰብ አርማ ነው፣ ይውረድ!» አለ። የሳን ሆዜው ጓደኛችን ደግሞ «የዘር ሐረጋችን ነው፣ አይነካም!» ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ማዕድ አይቆርሱም።

ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። በስኮትላንድ የመኳንንት አርማ እ.ኤ.አ. ከ1672 ጀምሮ በሕግ መዝገብ ስለሚሰፍር ባለቤቱ ይታወቃል። የእኛ አንበሳ ምንጩ ግን የዮሐንስ ራእይ 5፥5 ነው። ፕሮፌሰር ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» በመሠረቱ የክርስቶስን ድል የሚያውጅ መሪ ቃል እንጂ የንጉሥ ማዕረግ አልነበረም። «ሞዓ» ግሥ ነው፤ «ድል ነሣ» ማለት ነው። ፈረንጅ «ድል አድራጊው አንበሳ» ብሎ ሲተረጉመው ግሡ ቅጽል፣ ምስክርነቱም ማዕረግ ሆነ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ከመስቀላችንም ከማውረዳችንም በፊት እናንብብ!