ማፍጠሪያ ሰዓቱ የታወቀ ረሃብ

ረመዳን በመጣ ቁጥር በእንግሊዝኛ ተደጋግሞ የሚጻፍ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ሙስሊም አይደለም። ለአንድ ቀን፣ ለሳምንት ወይም ወሩን ሙሉ እንደ ሙስሊም ባልደረባው ሊጾም ይወስናል፤ ወዳጆቹ ደግሞ በጾመው ቀን ልክ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰጣሉ። ከዚያ ውሎውን ይጽፋል። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ገንዘቡ የተራበ ሰው ካበላ ምን ክፋት አለው? እኔ የምጠይቀው ስለ ጽሑፉ ነው፦ ምን ያሳየናል፣ ምንስ ይጋርድብናል?

አንዱን ያነበበ ሰው ሌላውን በቃሉ ይወጣዋል። በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊው ቡና ስላልጠጣ ራሱን ያመዋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ባልደረባው «ውኃም አይቻልም?» ብሎ ይደነግጣል። ከሳምንት በኋላ ሰውነቱ ይለምዳል። መጨረሻ ላይ «የድሃ ረሃብ ምን እንደሆነ ገባኝ» ይላል፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ይጠቀሳል፣ አለቀ። ይህ አጻጻፍ ከረመዳን የመጣ አይደለም። ሞርጋን ስፐርሎክ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሱፐር ሳይዝ ሚ» ፊልሙ 30 ቀን የማክዶናልድስ ምግብ ብቻ ሲበላ፣ ኤ. ጄ. ጄኮብስ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለአንድ ዓመት የመጽሐፍ ቅዱስን ትእዛዛት ቃል በቃል ለመኖር ሲሞክር ያየነው ነው፦ ራስን ቤተ ሙከራ ማድረግ። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሰርቨር ሎግ ይመስለኛል። ሎግ አንድ ማሽን ላይ በየደቂቃው የሆነውን በታማኝነት ይመዘግባል፤ ስለ ሌሎቹ ማሽኖች ግን ብዙም አይነግርህም።

ከሁሉ የምትከብደኝ «ገባኝ» የምትለዋ ቃል ናት። በአማርኛ ጾም ይያዛል፣ ይፈታል። የሚበላው ያጣውን ሰው ደግሞ «ጦሙን አደረ» እንለዋለን። ቃሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ግሱ ላይ ነው። የያዘ ሰው ይፈታል፤ ጦሙን ያደረ ሰው ግን የሚፈታበት ነገር የለውም። ጾመኛ መግሪብ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚገባ ያውቃል። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ጾሙ ከ18 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ ያም ሆኖ ደቂቃው የታወቀ ነው፣ ምግቡም ቤት ውስጥ አለ። የድሃው ረሃብ የሚከፋው ሆድ ስለሚጮህ ብቻ አይደለም፣ ማፍጠሪያ ሰዓት ስለሌለው ጭምር ነው። ይህን ልዩነት የዘለለ ጸሐፊ ስለ ድሃው ያወራ ይመስለዋል እንጂ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው።

የሚገርመው፣ እስልምና ራሱ ጾምንና የድሃን ማዕድ የሚያገናኝበት ሒሳብ አለው። በዕድሜ ወይም በማይድን ሕመም ምክንያት መጾም ያልቻለ ሰው ላልጾመው እያንዳንዱ ቀን ድሃ ያበላል፤ ፊድያ ይባላል። ከዒድ ሶላት በፊት ደግሞ ዘካተል ፊጥር ይወጣል፤ በቤቱ ላለው ሰው ሁሉ፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ እንደ ቁና ባለ መስፈሪያ የሚሰፈር እህል ነው። በዚህ ሒሳብ ጾመኛው ራሱ ከፋይ ነው። በእነዚህ ጽሑፎች ግን ጾመኛው ይራባል፣ ሌላው ይከፍላል። ረሃቡ የመሸጫ ዕቃ ሲሆን ጸሐፊው ጀግና ቢሆን አያስደንቅም።

ሐሳቡ ግን የግድ እንደዚህ መሆን የለበትም። በ2001 እ.ኤ.አ. በኖክስቪል፣ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙስሊም ተማሪዎች «ፋስት-ኤ-ቶን» የተባለ ዝግጅት ጀመሩ። ሙስሊም ያልሆኑ ተማሪዎች አንድ ቀን እንዲጾሙ ተጋበዙ፤ የአካባቢው ነጋዴዎች በጾመው ሰው ቁጥር ልክ ለመለገስ ቃል ገቡ። ማምሻውን አብሮ ማፍጠር ነው። እዚህ ጋባዡ ሙስሊሙ ነው፣ ሞካሪው እንግዳ ነው። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ በነበሩት ወራት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። አጻጻፉን በተመለከተ ደግሞ የአማን አሊና የባሳም ታሪቅ «30 መስጊዶች» አለ። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በየምሽቱ በሌላ መስጊድ እያፈጠሩ ጻፉ፤ በዓመቱ 30 ግዛቶችን በመኪና አዳረሱ። የጻፉት ስለ ሆዳቸው ሳይሆን ስላበሏቸው ሰዎች ነው። ለዚህም ነው ጽሑፋቸው የሚነበበው።

ይህ ጽሑፍ በአማርኛ ቢጻፍስ? «ውኃም አይቻልም?» የሚለው ድንጋጤ እኛ ጋ አይሠራም። በዓቢይ ጾም 55 ቀን የሚጾም ክርስቲያን፣ እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይቀምስ መዋልን ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ፤ ጎረቤታሞች አብረው ጾመኛ ሆኑ። እኛ ጋ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ምን አብረን እንበላለን? የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ እንደማይገናኝ ማንም ያውቃል፤ ሠርግ ደግሶ ለሁለት ያላሳረደ ማን አለ? የጾም ምግብ ግን ቢላዋ የለበትም። ተምሩ፣ የምስር ሳምቡሳው፣ ሽሮው ለሁለቱም ይሆናል። ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ፣ በሌላ ጊዜ የሚለያየው ማዕድ አንድ ሊሆን ይችላል። ይህን የጻፈልን ሰው እምብዛም አላየሁም።

ስለዚህ ለበጎ አድራጎት የሚጾም ሰው ይጹም፣ ይጻፍም። የራስ ምታቱን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርስልን። ከዚያ ሾርባውን ማን እንደሠራ፣ ጎኑ የተቀመጠው ማን እንደነበር፣ የተሰበሰበው ገንዘብ የማንን ምሳድ እንደሞላ ይንገረን። ረሃቡንማ እናውቀዋለን።