በጀጎል ብርሃን የሚመጣው ከግድግዳ ነው

ሐረርን ፎቶ ሊያነሳ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ፀሐይዋ የምታምረው በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው። ለሌላ ከተማ ጥሩ ጥያቄ ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ግን ሰዓቱን ከማወቅ ኖራ የተቀባው ግድግዳ የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ ይበልጣል። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። በግራም በቀኝም ያለው ግንብ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ የአንዱን ወገን የላይኛውን ክፍል ትመታለች፤ እታች የሚያልፈው መንገደኛ የሚደርሰው ከዚያ ነጥሮ የመጣው ብርሃን ነው። ፊቱን የሚያበራለት ግድግዳው ነው ማለት ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ቀለም አለው።

ኖራ ከሆነ እሰየው፣ ብርሃኑ ለስላሳና ንጹህ ነው። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን ችግር አለ። በጥቁር ቆዳ ላይ ጉንጭና ግንባር ላይ የሚያበራው ወዝ የግድግዳውን ቀለም እንዳለ ይዞ ይወጣል። ዓይናችን ስለሚለምደው አይታወቀንም፤ ካሜራ ግን አይምርም። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ለካሜራው ከተውነው ደግሞ አረንጓዴውን ላጥፋ ብሎ ሌላውን ሁሉ ወደ ወይን ጠጅ ይገፋዋል። እኔ በቀን ብርሃን ላይ ቆልፌ እተወዋለሁ። ከዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ መንገደኛው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ኖራው ፊት ለፊቱ ሲደርስ አነሳዋለሁ። በስልክ ለሚያነሳም ያው ነው፤ ስልኩ ጥላውን ያፈካለታል እንጂ ግድግዳውን አይቀይርለትም።

ረመዳን ሲቃረብ ብዙ ቤት ይቀባል። አምና የወደድኩት ጥግ ዘንድሮ ሮዝ ሆኖ ይጠብቀኛል። በዚህ መናደድ የጀመረ ሰው ሐረር ላይ ባይሠራ ይሻለዋል።

ቀለም ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን በራፍ ላይ ደርድረው ይሰፋሉ። ቀይ ጨርቅ ጭኑ ላይ የዘረጋ ሰፊ አገጩ ከሥር ቀልቶ ይታያል። ይህን አላስተካክለውም፤ ጨርቁ እዚያው ፎቶው ውስጥ ስላለ ተመልካቹ ቅላቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ምንጩ ከፎቶው ውጭ የቀረ ቀለም ነው በሽታ የሚመስለው።

ከዚህ ጣጣ ነፃ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነበርና። ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ፣ ሐረር ውስጥ በንግድ ሥራ ላይ ሳለ በ1883 እ.ኤ.አ. ማንሳት ጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ለቤተሰቡ የራሱን ሦስት ፎቶዎች ልኳል፤ አንዱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱ ሙዝ መሃል እጁን አጣምሮ። ነጥተው መውጣታቸውንም በሚያጥብበት መጥፎ ውኃ አሳብቧል። ውኃው እውነትም መጥፎ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ከእነዚያ ሁሉ የሚበልጠው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራውን ከረጢት ሠሪ ያነሳበት ነው። ሰውየው ሥራው ላይ ነው፤ ካሜራ ፊት የቆመ ሰው የሚያሳየው ድርቀት የለበትም።

እንግዳ ሁሉ የሚወጣበት ሐኪም ጋራስ? ከከተማው በስተደቡብ ስላለ፣ ላዩ ላይ ቆሞ ጀጎልን የሚያይ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። በበጋ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከጀርባው ስለምትሆን ጥላው ከየቤቱ ኋላ ይደበቃል፣ ከተማውም ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። በሰኔ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ጥላው ወደ አንሺው ይመጣና ግንቡ ከግንቡ ይለያል፤ ደመናው ከፈቀደ ማለት ነው። ጠዋትና ማታ ከጎን ስለምትመታ ሁሌም ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ላይ የተነሳ ፎቶ ብዙም አይማርከኝም። ቆርቆሮና ሚናራ ይታያል፣ ሰው የለም።

ሰው ደግሞ ሳይጠየቅ አይነሳም፣ በተለይ እናቶች። ሰላምታው ካልቀደመ «አቦ ተወና!» ተብሎ መመለስ አለ፤ ተገቢም ነው። አንዲት እናት ግን ፈቅደውልኝ ኖራው ላይ ጀርባቸውን እንዲሰጡ ስጠይቃቸው «አንተ ልጅ፣ ነጩ ላይ አታቁመኝ፤ ታጠቁረኛለህ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ካሜራው ከኋላ ሰፊ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊት ለፊት ሲሆን የሚያበራው ግድግዳ ከኋላ ሲሆን ያጠቁራል። ከነጩ ፊት መቆም ግድ ከሆነ ኤክስፖዠሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ግድግዳው ቢነጣም ይንጣ እላለሁ። እሳቸውን ግን አዞርኳቸው። ፎቶውን በስልክ መላክ እንደማይበቃ ያውቁታል፤ በወረቀት አሳጥቤ ሳመጣላቸው ሁለተኛ ኮፒ አዘዙኝ፣ ቶሮንቶ ላለችው ልጃቸው።