የሮቢ ውኃና የመስኖ ማኅበራት አዋጅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ትቶ ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ እየለቀቀው፣ ሙቀቱ እየተቀበለው ከይፋት ቆላ ይገባል፤ በዚያም ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። በክረምት የሮቢን ወንዝ ያየ ሰው በቀወት ወረዳ የውኃ ችግር አለ ቢሉት አያምንም፤ ወንዙ የደጋውን ዝናብ ሰብስቦ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ዐፈር ተሸክሞ ይወርዳልና። በበጋው መጨረሻ የተመለሰ ግን የሚያገኘው ሰፊ የድንጋይ ሜዳና በመካከሉ የሚንሸራተት ቀጭን ውኃ ነው። የዐባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ለሮቢም ልጆች ይሠራል።

ስለዚህ ችግር ሲነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል ግድብ ይሠራ፣ ሞተር ይገዛ የሚል ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ግድቡን ወይም ሞተሩን ሳይሆን ሕጉን ነው፤ ይኸውም የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይህ አዋጅ በቦዩ ግርጌ ላለው ገበሬ ውኃ ያደርስለታልን?

አስቀድመን የአዋጁን መልካምነት መናገር ይገባናል። ከእሱ በፊት በመስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች በሕግ መደራጀት ሲፈልጉ የሚያገኙት መንገድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነቱ በፈቃድ ነው፤ ለእህል ሽያጭ ወይም ለማዳበሪያ ግዥ ይህ ተገቢ ነው። ቦይ ግን እንደ ሱቅ አይደለም። በአንድ ቦይ ከሚጠጡ ሃያ ማሳዎች የሦስቱ ባለቤቶች አባል አንሆንም ቢሉ ውኃው በእነሱም ማሳ በኩል ማለፉ አይቀርም፤ ደለሉንም ሌላው ይጠርግላቸዋል። የ2006 ዓ.ም. አዋጅ ይህን ጉድለት አይቶ በአንድ የመስኖ አውታር ውስጥ መሬት ይዞ በውኃው የሚጠቀም ሁሉ አባል መሆን እንዳለበት ደነገገ፤ ማኅበሩም ለትርፍ የማይሠራ፣ ጠቅላላ ጉባኤና የሥራ መሪዎች ያሉት እንዲሆን አደረገ። ይህ ብልህነት ነው። ሆኖም አዋጁ የቦዩን አባላት ሲቆጥር በአባላቱ መካከል ያለውን የኀይል ሚዛን የዘነጋ ይመስለናል።

ይህን ለማስረዳት ወደ ልማዱ መመለስ ያስፈልጋል። በይፋት ቆላ፣ እንደ ሌላውም የአማራ አገር፣ ወንዝ መጥለፍ አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው ድንጋይ ደርድሮ፣ ቅጠልና ጭራሮ ጠቅጥቆ፣ በጭቃ ደፍኖ ውኃውን ወደ ቦይ ይመልሳል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ይሠራዋል። ሥራውን የሚያዘውና ተራውን የሚያከፋፍለው ገበሬዎቹ የመረጡት ሰው ነው፤ የውኃ አባት ወይም የውኃ ዳኛ ይባላል። ለጠለፋና ለቦይ ጠረጋ ያልወጣ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ሲጠና ተራውን እስከ ማጣት ይደርሳል። ላይ ላዩን ሲታይ በየዓመቱ የሚፈርስ ሥራ በየዓመቱ መሥራት የድህነት ምልክት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ድካም ውስጥ አንድ ስምምነት አለ። ውኃው አስቀድሞ የሚደርሰው ራስጌ ላለው ገበሬ ነው፤ እሱ ግን ጠለፋውን ብቻውን ሊያቆም አይችልም። ግርጌ ያለው ጉልበቱን ያዋጣለታል፤ በጉልበቱም ዋጋ ውኃ ያልፍለታል። እንግዲህ የግርጌው ገበሬ መብት የሚጠበቀው በወረቀት ሳይሆን በጭራሮውና በድንጋዩ ነው ማለት ነው።

ጠለፋው በሲሚንቶ ሲሠራ ምን ይሆናል? ጎርፍ አይወስደውም፤ በዚህ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን የራስጌው ገበሬ ከእንግዲህ የግርጌውን ጉልበት እንደ ቀድሞው አይሻም፤ የማይሹትንም ሰው ተራ ማክበር ይከብዳል። ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊት ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮምና ዋይ ፉንግ ላም በኔፓል ብዙ የመስኖ አውታሮችን አነጻጽረው፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ተራ ጠለፋዎች ከመንግሥት ዘመናዊ ግንቦች ይልቅ ብዙ ጊዜ ለግርጌው ማሳ ውኃ በማድረስ እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከላይ የተናገርነው ነው፤ የማይፈርስ ግንብ የራስጌና የግርጌ ሰዎች እርስ በርስ መፈላለጋቸውን ያቀልለዋል። በሮቢ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ድንጋይና ደለል የሚያወርድ ወንዝ ከግንቡ በስተኋላ ያለውን ቦታ ይሞላዋል፤ የቦዩን አፍ ይደፍነዋል፤ መዝጊያው በጊዜው ካልተከፈተና ካልተጠረገ ግንቡ እንደ ቆመ ውኃው በሌላ በኩል ይሄዳል። እንግዲህ ሲሚንቶም ቢሆን ጠረጋ ይፈልጋል፤ የሚጠርገው ሰው ግን ስምምነቱን አጥቷል።

የሚዘራውም እህል ይህን ያባብሰዋል። ማሽላ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ተራው ቢዘገይ ጥቂት ቀን ይታገሣል። ሥሩ አጭር የሆነው ሽንኩርት ግን በቆላ ፀሐይ አንድ ተራ ቢያልፈው ይጎዳል። መንገዱ ገበያ ካመጣ ወዲህ የሽንኩርት ማሳ በቀወት በዝቷል፤ ሽንኩርትም ሲበዛ የውኃው ተራ እያጠረ፣ የሌሊቱ ጠብ እየበረታ ይሄዳል። ለዘርና ለመድኃኒት ተበድሮ የተከለ የግርጌ ገበሬ ተራው ሲያልፈው የሚያጣው ውኃ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር የውኃ ሞተር ነው። ሞተር ያለው ሰው ጠለፋም ቦይም አያስፈልገውም፤ ቱቦውን ከወንዙ ይከትታል፣ የፈለገውን ያህል ይስባል። የማኅበሩ ወሰን አንድ የመስኖ አውታር ነውና ከጠለፋው በላይ ያለው ሞተር ከማኅበሩ ውጭ ይሆናል። ወደ ውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ዘወር ብንል የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ በውኃ ለመጠቀምም ፈቃድ ያስፈልጋል ካለ በኋላ በእጅ የተቈፈረን ጕድጓድና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ይህ ነጻነት ለድኻው ገበሬ የተደረገ ቸርነት ነው፤ በዚያው መጠን ግን ራቁት ያስቀረዋል። ፈቃድ ያልተጠየቀበት ሰው ባለ ሞተሩ ውኃውን ከላይ ሲወስድበት በምን ወረቀት ይሟገታል?

ይህ ጉድለት የትናንት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውኃ አጠቃቀም ደንግጓል፤ ነገር ግን ውኃውን ከመሬት ባለቤትነት ጋር አያይዞት ስለ ነበር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሲሆን መሠረቱ ተናወጠ። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም ዐይኑ ያረፈው በዋናው ወንዝና በሰፋፊ እርሻዎች ላይ ነበር። እንደ ሮቢና እንደ ጀውኃ ያሉት የአዋሽ ተፋሰስ ወንዞች ጠብ የሚታየው በአብዛኛው በሽማግሌና በውኃ ዳኛ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ ዘወትር ሐሙስ በካቴድራሉ ደጃፍ የሚቀመጥ የውኃ ሸንጎ አለ። ከአንድ ወንዝ፣ ከቱሪያ፣ የሚጠለፉ ስምንት ቦዮች ገበሬዎች ከራሳቸው መካከል በመረጧቸው ዳኞች ይወከላሉ፤ ክርክሩ በቃል ነው፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝግቦታል። ከዚህ ሸንጎ የምንማረው ልብሱን ወይም ደጃፉን አይደለም፤ ዳኝነቱ ወንዙን ተከትሎ መቆሙን ነው። የቀወትም ሽማግሌ ይህን ዐይነት ዳኝነት ያውቀዋል፤ የጎደለው ከአንዱ ጠለፋ ወደ ሌላው የሚሻገር ሥልጣንና የፍርዱ በሕግ መከበር ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት አዋጁ በሥራ ሲተረጐም ሦስት ነገር ቢታሰብበት ይበጃል። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት የግርጌው ገበሬ ድርሻ በጽሑፍ ይታወቅ፤ ለቦይ ጠረጋ በሚወጣው ጉልበትም ይታሰር። ሞተርም እንደ ጠለፋ ተቈጥሮ ከተራው ይግባ። ከራስጌ እስከ ግርጌ በሮቢ የሚጠቀሙት ሁሉ፣ የከተማውን የመጠጥ ውኃና ከብት የሚያጠጡትን ጨምሮ፣ በአንድ የወንዝ ሸንጎ ይወከሉ።

ታዲያ ገበሬው በጭራሮው ይኑር ማለታችሁ ነውን የሚለን አይጠፋም። አይደለም። በየዓመቱ ዛፍ እየቈረጡ፣ ወገብ እያጐበጡ ጎርፍን መቀለብ ለማንም አንመኝም። የምንለው መሐንዲሱ ጭራሮውን ሲያነሣ በጭራሮው የታሰረውን ስምምነት አብሮ እንዳይጥለው ነው፤ ሕግ ዐዋቂውም ያንን ስምምነት አንሥቶ በአንቀጽ ውስጥ ያኑረው። ስሕተታችንን የሚያርመን ወንድም ወይም መምህር ቢገኝ በደስታ እንቀበላለን፤ ክርክሩ ግን የግርጌውን ማሳ ሳይረሳ ይሁን።