ዜሮም ዓይነት አለው

አጋሮ አንድ ቤት፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የዓሣ ገንዳ ፊት አስቀመጡኝ። ውኃው ኩልል ያለ ነው፤ ጠጠሩ ያብለጨልጫል። አራቱ ጎልድፊሾች ግን ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባለቤቱ ኮራ ብሎ «በየዓርቡ ውኃውን ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ ጋሼ፤ ጠጠሩንም በበረኪና ነው የማጥበው» አለኝ።

እኔ በጥራቱ አልፈርድም። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ዓሣ በሚጎዳበት መጠን ለአፍንጫም አይታወቅም። ዓሣው ራሱ በስንጥቡ ያስወጣዋል፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ደግሞ ይጨመርበታል። ስለዚህ መፍረጃው ቱቦ ውስጥ በተቀዳ የገንዳ ውኃ ላይ የሚንጠባጠበው መመርመሪያ ነው፤ ከጠብታውም በፊት የመርማሪው ሰው እጅ። መመሪያው ያለውን ደቂቃ ይጠብቃል? ቱቦውን ነጭ ወረቀት ላይ አስደግፎ በመስኮት ብርሃን ያየዋል ወይስ በቢጫ አምፖል ሥር? ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ ማለት ነውና፣ በአምፖል ሥር ማንበብ ራስን ማሞኘት ነው። ደቂቃውን መጠበቁም እንደ ቡና ቅምሻ ነው፤ ደህና ቡና ቀማሽ በትኩሱ ስኒ ብቻ አይፈርድም፤ እስኪበርድ ጠብቆ ደግሞ ይቀምሳል።

«አሞኒያ ዜሮ ነው» ሲሉኝ ናይትራይቱንና ናይትሬቱን እጠይቃለሁ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ናይትሬት ከታየ፣ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ያንን ወደ ናይትሬት እየለወጡ ነው፤ ይህ የተሠራ ዜሮ ነው። ዓሣ ባለበት ገንዳ ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ግን፣ ዕፅዋት ካልሞሉት በቀር፣ ውኃው ትናንት የተቀዳ ነው። የአጋሮው ገንዳ ዜሮ ቢያሳይም ዜሮው እንዲህ ያለ ነው፤ እስከ ሐሙስ የሚዘልቅ አይመስለኝም። አዲስ ገንዳ ባክቴሪያ እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በረኪናው በየዓርቡ ከአንድ ያስጀምረዋል።

ቁጥሩም ብቻውን አይነበብም። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ የውኃው ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲሆን 5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ያንኑ 1 ሚሊግራም በሊትር እዚህ ዓሣው ይታገሠዋል፣ እዚያ ስንጥብ ያቃጥላል።

ሊሙ ላይ ቡና ያጠበ ሰው የገንዳ ማጣሪያ አያያዝን መልመድ ይከብደዋል። እዚያ ሙጫው ጨርሶ እስኪለቅ፣ ፍሬው በእጅ ሲታሽ እስኪሻክር ይታጠባል። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት የማጣሪያው ስፖንጅ ግን ሙልጭልጭነቱ ነው ሀብቱ። ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይመለሳል። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ ሥር አስገብቶ የሚያነጣውን ሰው ገንዳ ሌላ ሳላይ እጥለዋለሁ።

ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃዋ፣ ሙቀቱ እኩል ሲሆን፣ ከባሕር ዳርቻ ውኃ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። እነዚያ ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ከዓሣው ጋር አብረው ይታፈናሉ። ከወንዝ ቅዳ የሚል መካሪም አለ። በቡና ለቀማ ወራት ከመፈልፈያ በታች ያለ ወንዝ ግን ገለባውና ሙጫው ኦክስጅኑን ይጨርሱበታል።

ጅማ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ገንዳ መልኩ አያምርም፤ መስታወቱ ጥግ ጥጉን ቡናማ ሽፋን ይዟል። አጠገቡ ምስማር ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፦ መብራት ከጠዋት እስከ ማታ የለም። ምግብ አልሰጠሁም። ረቡዕ፦ አሞኒያ 0.25። ሩብ ውኃ ቀየርኩ። ዛሬም ምግብ የለም።»