ላሊበላንና ጥናቱን ስለሚረዱ ድርጅቶች

የላሊበላን ዐሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከጥፋት ለማዳን የውጭ ድርጅቶች ወደ ላስታ መምጣት ከጀመሩ እነሆ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ሆነ። በዚህ ዘመን የወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ የመጡትም ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ የተጻፈውም ዘገባ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር፥ ይኸውም ውሃ ወደዚያ ዐለት በየት በየት እንደሚገባና በምን ያህል ጊዜ እንደሚወጣ፥ በየጊዜው እየተነሣ በየጊዜው የተቋረጠ ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ በዐለቱ ውስጥ ሳይሆን ጥናትን እንረዳለን በሚሉት ድርጅቶች አሠራር ውስጥ ይገኛል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፥ ካልተገለጠ በቀር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ፥ ብዙ ቀዳዳ ያለበት ቀይ ባዛልት ነው። ለመጥረብ የተመቸበት ጠባዩ ለጕዳት የተመቸበትም ጠባዩ ነው። ከማዕድናቱ ከፊሉ በዘመን ብዛት ወደ ሸክላነት ተለውጧል፤ እንዲህ ያለው ሸክላ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል። ስለዚህ ዐለቱን የሚያደክመው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ የመርጠብና የመድረቅ መፈራረቅ ነው። ከላይ የሚወርደው ዝናብ አንድ ነገር ነው፤ ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚሳበው እርጥበት ሌላ ነው፤ በጥንት ስንጥቆች ገብቶ የሚሄደውም ሦስተኛ ነው። ሦስቱን ለይቶ ለማወቅ በክረምትም በበጋም፥ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለብዙ ዓመታት፥ ሳይታክቱ መለካት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሥራ ለዐይን አይታይም፤ የሚመረቅበትም ቀን የለውም።

በ1950ዎቹ ዓመታት የተደረገው ጥገና ይህን ሁሉ አላገናዘበም። ዐለቱ ሬንጅነት ባለው ነገርና በቀለም ተቀባ። ሐሳቡ ውሃ እንዳይገባ ነበር፤ ነገር ግን በሌላ በኩል የገባው ውሃ የሚወጣበትን መንገድ ጭምር የሚዘጋ ሆነ። በ1965 በኒው ዮርክ የተመሠረተው፥ ኋላ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የተባለው ድርጅት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱን በላሊበላ ባደረገ ጊዜ፥ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ከ1966 ጀምሮ ከደከመባቸው ነገሮች አንዱ ይህንኑ ቅባት ማንሣት ነበር። የአንጀሊኒ ሥራ በዚህ ይመሰገናል፤ በዐለቱ ላይ ከመጨመር ይልቅ መቀነስን ዐውቋልና። ሆኖም ዘመቻው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተፈጸመ፤ ብዙም ሳይቈይ አብዮቱ መጣ። በ1978 ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች ጋር ተጻፈ። መጻፉ ክብር ነው፤ መለኪያ መሣሪያ ግን አይደለም።

ትችቱ ይበልጥ የሚጠናው በ2008 በተፈጸሙት መጠለያዎች ላይ ነው። በአውሮጳ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን የሚሸፍኑ አራት መጠለያዎች በብረት ምሰሶዎች ላይ ተተከሉ። ከዚያ በፊት የነበረውን የቆርቆሮ ክዳን የሚያስታውስ ሰው አዲሱ እንደሚሻል አይክድም፤ ዝናቡንም ከልክሏል። መጠለያዎቹ ጊዜያዊ ይሆናሉ ተብሎ ነበር፤ በጥላቸው ሥር ዐለቱ እስኪጠገን ድረስ ማለት ነው። ጊዜያዊው ግን ቈየ፥ ጥገናውም ዘገየ። በዚህ መካከል የምሰሶዎቹ ክብደት፥ ነፋስ ሲነሣ የሚሰማው ድምፅ፥ ከጥላው በታች ያለው ዐለትም ከመጠን በላይ ደርቋል መባሉ ለካህናቱና ለነዋሪው ሥጋት ሆነ። በ2018 የከተማይቱ ሕዝብ ተሰልፎ መፍትሔ እንዲሰጠው ጠየቀ።

ይህን ሥጋት የባላገር ፍርሃት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ያለፉትም አልታጡም። ነገሩ ግን በሳይንስ ሚዛንም ቢሆን ከባድ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያህል ዝናብ ሲመታው የኖረን ዐለት በአንድ ጊዜ ከዝናብ መከልከል፥ ስሙ መጠለያ ቢባልም፥ ታላቅ ሙከራ ነው። ሙከራ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት የተያዘ ልኬትና ከጀመረ በኋላ የሚቀጥል ልኬት ይፈልጋል። ስለ ዐለቱ ጠባይ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ፥ የአስፋወሰን አሥራትና የዮዲት አያሌው የሥነ ምድር ጥናት፥ የታተመው በ2011 ነው፤ ምሰሶዎቹ ቆመው ከተፈጸሙ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። መዘግየቱ በአጥኚዎቹ የሚመካኝ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ስለ ረዳቶቹ ልማድ ብዙ ይናገራል። ከዚህም ሌላ ቤተ ጊዮርጊስ ያለ መጠለያ ቆሞ ከሁሉ ይልቅ ደኅና ሆኖ ይታያል። ይህ ከዐለቱ ጽናት የመጣ ነው? ጠራቢዎቹ በጣሪያው ላይ ካበጁት የውሃ መውረጃ ነው? ወይስ ከቦታው አቀማመጥ? የተሸፈኑትንና ያልተሸፈነውን ጎን ለጎን እየለኩ ማነጻጸር፥ ከብረቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ፥ እጅግ ርካሽ ጥናት በሆነ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል ቢባል፥ ለጋሽ ድርጅት የሚኖረው በበጀት ዘመን ነው። ገንዘቡ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት፤ ከወጣም በኋላ ለሰጪው ሕዝብ የሚታይ ነገር ማሳየት ይጠበቅበታል። ምሰሶ ይታያል፤ የእርጥበት መዝገብ አይታይም። ሌላ ዐይነት ድርጅት መኖሩን ለማስታወስ ያህል፥ ዩኔስኮ በ1956 በኒው ዴልሂ ባደረገው ጉባኤ ተወስኖ በ1959 በሮማ ሥራውን የጀመረው ኢክሮም ከጥንት ጀምሮ ጥናትን፥ ማስተማርንና መጻሕፍት መሰብሰብን ዋና ተግባሩ አድርጎ ይዟል። ትምህርት የሚፈርስ ግድግዳ አያቆምም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተጠናውም ጥገና በ1950ዎቹ ምን እንዳደረገ ታይቷል። የአገር ቤቱም መሥሪያ ቤት ከዚህ ትችት ነጻ አይደለም። በ1992 ዓመተ ምሕረት በወጣው አዋጅ ቍጥር 209 «የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን» ተብሎ ሲሰየም ጥናት ከጥበቃ ቀድሞ መጻፉ መልካም ነበር፤ ከስሙ አልፎ በሥራው ሲቀድም ግን ብዙ ጊዜ አልታየም።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት የሥነ ሕዝብ ሊቅ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ቦታ ማጣቱ ነው። ላሊበላ ባዶ ሐውልት አይደለም። ዕጣን ይታጠንበታል፥ ጧፍ ይበራበታል፤ ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ይገባል፥ መቃኑን ይሳለማል፤ በልደት ሌሊት ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ቦታውን ያጨናንቀዋል። በጠባብ ዐለት ውስጥ የብዙ ሰው ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው። ስለዚህ የአየሩን እርጥበት የሚያነብ ሰው የማኅሌቱን ሌሊትና የጾሙን ወራት ካላወቀ መሣሪያው የነገረውን በትክክል ሊተረጕም አይችልም። በአንጻሩ ደግሞ በየዕለቱ በዚያ የሚያገለግል ካህን የትኛው ግድግዳ በየትኛው ወር እንደሚያልበው፥ የትኛው ቦይ በሐምሌ እንደሚደፈን ያያል። ይህ ዕይታ በሥርዓት ተጠይቆ፥ በቀንና በስፍራ ተለይቶ ቢጻፍ፥ ገንዘብ የማይገዛው የብዙ ዓመት መዝገብ በሆነ ነበር። በዘገባዎቹ ውስጥ ግን ካህናት በብዛት የሚነሡት በባለቤትነት ወይም በቅሬታ አቅራቢነት ነው፤ በምስክርነት ሲጠቀሱ እምብዛም አይታይም።

መሻሻል የለም ማለት ግን ግፍ ይሆናል። ከ2010 ወዲህ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያደረገው ጥገና ከመሸፈን ይልቅ ዐለቱን ራሱን በማከም ላይ ያተኰረ ነበር፤ የአገሩንም ሰዎች በሥራው አሠልጥኗል። ከ2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ጉብኝት በኋላ የተጀመረውም የሁለቱ አገሮች ሥራ ጥናትን ከጥገና ጋር አያይዞ መነሣቱ፥ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ፥ የቀድሞውን ቅደም ተከተል የሚያርም ነው።

ሆኖም በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ ሊገባ የሚችልበት ጊዜ አልነበረም። ክረምቱ ግን እንደ ወትሮው ዘነመ፤ ካህናቱም በስፍራቸው ነበሩ። ወደፊት ለላሊበላ የሚፈረመው ውል ሲመረመር መታየት ያለበት የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን፥ በከተማይቱ ተቀምጦ ዓመት ከዓመት ለሚለካ ሰው ደመወዝ መመደቡና መዝገቡ በግልባጭ ሳይሆን በዋናው እዚያው እንዲቀመጥ የሚያዝዝ አንቀጽ መኖሩ ነው።