ዩኒኮድና ሞክሼ ሆሄያት

ዩኒኮድ በ3ኛው እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ለፊደላችን ቋሚ ቁጥሮች ከመመደቡ በፊት፣ በአንድ ኮምፒዩተር በአማርኛ የተጻፈ የፈተና ወረቀት ያው የፊደል ፕሮግራም በሌለበት ሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም አልባ የላቲን ምልክት ይሆን ነበር። ያ ችግር በአመዛኙ ተወግዷል። ይሁን እንጂ ሥራው እንደ ተጠናቀቀ መቁጠር አይገባም። ለኮምፒዩተር «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው፤ በአንደኛው አጻጻፍ የተመዘገበች ተማሪ በሁለተኛው ስትፈለግ አትገኝም።

ሞክሼዎቹን በአንድ ቁጥር ማጠቃለል ይሻል ነበር ማለት አማርኛን ብቻ መመልከት ነው። በትግርኛ ሀ ከሐ፣ አ ከዐ በድምፅ ይለያሉ፤ የግእዝም አጻጻፍ ልዩነቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ዩኒኮድ ሁሉንም ለይቶ መያዙ ተገቢ ነበር። ጉድለቱ የሚገኘው በተጠቃሚው ዘንድ ነው። የተማሪዎች መዝገብ የሚያቋቁም ክፍል፣ ስሞቹን ወላጆች እንደ ጻፏቸው ጠብቆ፣ ለፍለጋው ብቻ ሞክሼዎችን የሚያዛምድ ሠንጠረዥ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል።