ሥጋው የበላ ዕለት

«ሥጋው ይበላል» ብላ አንዲት ተማሪዬ አነበበች፤ «በ»ንም «ላ»ንም አላልታ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሥጋው መበላቱ ቀርቶ በላተኛ ሆኗላ!

ድሬዳዋ ውስጥ አፋቸውን በኦሮምኛና በሶማልኛ ለፈቱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጅቷን «በ»ም «ላ»ም ይጠብቃሉ ብላት፣ «ከጠበቀ ለምን ሁለቴ አይጻፍም?» አለችኝ። ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። እሷ በለመደችው ቁቤ ይጻፋል፤ በኦሮምኛ «ባዳ» ሲላላ መጥፎ ነው፣ «ዳ» ሲጠብቅ ደጋ፤ ቁቤ የጠበቀውን ፊደል ይደግመዋል። የሶማልኛው የላቲን ጽሕፈትም እንደዚያው። ስፔናውያን ደግሞ «ካንቶ» መጀመሪያው ላይ ሲጫን «እዘፍናለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ሲጫን «ዘፈነ» ስለሚሆንባቸው፣ በሁለተኛው ላይ ጭረት ያኖራሉ። የእኛ ፊደል ዝም ይላል።

ድሮ መድኃኒቴ «ገና፣ ዋና፣ አለ» እያልኩ ማስሸምደድ ነበር። ልጆቹ ይሸመድዱና በሚቀጥለው ግሥ ይወድቃሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የግሥ ጥብቀት በቃል በቃል አይያዝም፣ ከእርባታው ጋር ይመጣል ይሄዳል።

አሁን ጠረጴዛ እንመታለን። «ሰበረ»፦ ሰብ፣ በ፣ ረ። «ፈለገ»፦ ፈል፣ ለ፣ ገ። ሁለቱም ሦስት ቀለም፣ መካከላቸው ጠባቂ፤ መንታ ይመስላሉ። «ይሰብራል» እና «ይፈልጋል» ሲባሉ ግን ይለያያሉ። ወረቀት ላይ እኩል አምስት አምስት ፊደል ናቸው። እጅ ግን ይ፣ ሰብ፣ ራል ብሎ ሦስቴ ሲመታ፣ ለሌላው ይ፣ ፈል፣ ል፣ ጋል ብሎ አራቴ ይመታል። የ«ሰበረ» ጥብቀት ላልቷል፣ የ«ፈለገ» ከነጥብቀቱ ቆይቷል። ይህን ዓይን አያየውም።

የሥጋውም ነገር ምክንያት አለው። ግዕዙ «ይትበላዕ» ሲል የምትሰማዋን «ት» አማርኛ ለ«በ» አጉርሷታል፤ «በ» የጠበቀችው ስለዋጠቻት ነው። ይህን ስነግራቸው ፊደል ፊደልን መብላቱ ከሥጋው የበለጠ አሳቃቸው። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ የግዕዝ ንባብ ሲቀጽል ቃሉን እንደ አነባበቡ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያለ ጆሮውን ይስላል። እኛ ፊደሉን ወርሰን ያንን ጆሮ እዚያው ትተነው መጣን።

ከሳምንታት በኋላ ያቺው ልጅ በከዚራ ሰፈር ስታልፍ «ይህ ቤት አይሸጥም» የሚል ጽሑፍ አይታ መጣች። «ሸ»ን አላልታ አነበበችልኝና፣ «ታዲያ ቤት ምን ሊሸጥ ኖሯል?» አለችኝ።